የምርት ዲዛይንና ፈጠራ ገበያ ላይ ምን ያዋጣል? ከጎንደር አምራቾችና ነጋዴዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በጎንደርና በአካባቢዋ ሸማ ለሚሠሩ፣ ሸክላ ለሚያበጁ፣ ባልትና ለሚያዘጋጁ፣ በእንጨትና በብረታ ብረት ሥራ ለተሰማሩ፣ እንዲሁም ማርና ሰሊጥ ለሚነግዱ የተዘጋጀ ነው። ጥያቄዎቹን ሰው በሚጠይቅበት አነጋገር ትተናቸዋል።

«ዲዛይን የትልልቅ ፋብሪካ ጉዳይ ነው። እኔ ሁለት ሠራተኛ ይዤ ምን ያደርግልኛል?»

አገልግልን ያስቡ። በስንደዶና በአክርማ ተሰፍቶ ቆዳ ይለበጣል፤ ክዳኑ በጠፍር ይታሰራል፤ ማንገቻ አለው። መጀመሪያ ያበጀው ሰው ዕቃውን ማን እንደሚሸከመው፣ መንገዱ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ውስጡ ያለው እንጀራ በወጥ የራሰ መሆኑን፣ በቅሎ ላይ ሲንገጫገጭ ምን እንደሚደርስበት ሁሉ አስቦበታል። ፋብሪካም መሐንዲስም አላስፈለገውም። የምርት ዲዛይንም ይኸው ነው፤ ዕቃው ከመሠራቱ በፊት ተጠቃሚው ምን እንደሚያደርግበት አውጥቶ አውርዶ ቅርጹን፣ መጠኑን፣ ጥሬ ዕቃውንና አሠራሩን መወሰን። ማስጌጥ የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው፤ አንዳንዴ ጭራሽ አያስፈልግም።

እርስዎ ባይወስኑም ዕቃዎ ዲዛይን አለው። ብዙ ጊዜ የጎረቤትዎ ዲዛይን ነው።

«ከውጭ የሚገባው በርካሽ ይሸጣል። ዲዛይን ከዚህ እንዴት ያወጣኛል?»

የንግድ ስልት ምሁሩ ማይክል ፖርተር እ.ኤ.አ. በ1980 ያቀረበው ሐሳብ እስካሁን ይሠራል፤ አንድ ድርጅት ከተፎካካሪዎቹ የሚልቀው ወይ ከሁሉም ባነሰ ወጪ በማምረት፣ ወይ ገዢው ጨምሮ የሚከፍልበት የተለየ ነገር በማቅረብ ነው። መሐል ላይ ቆሞ ትንሽ ከዚህ ትንሽ ከዚያ የሚል ግን በሁለቱም ይበለጣል።

በማሽን የታተመው የጥበብ ጨርቅ ገበያው ውስጥ ገብቷል፤ ከሩቅ ሲታይ ከእጅ ሥራው አይለይም። ሸማኔ ከማተሚያ ማሽን ጋር በዋጋ ልፎካከር ካለ ገና ሳይጀምር ተሸንፏል። ስለዚህ ማሽኑ በማይደርስበት በኩል ይሂዱ፤ የደንበኛውን ልክና ቀለም ጠይቆ መሥራት፣ ሲነኩት የሚታወቅ ፈትል፣ በቤተሰብ ተመሳሳይ ጥለት፣ የተቀደደውን ተቀብሎ መጠገን። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይንቀዋል። ለሠርግ የተገዛ ቀሚስ ከሁለት ዓመት በኋላ ጥለቱ ሲተረተር ወደ ሠሪው መመለስ መቻሉ ግን የትኛውም አስመጪ የማይሰጠው አገልግሎት ነው።

ዋጋ መቀነስ የሚያስከትለውን በቁጥር እንየው። እንበል አንድ የአንገት ልብስ በ600 ብር ይሸጣሉ፤ ክርና ጉልበት 450 ብር ይወስዳል። ከአንዱ 150 ብር ይተርፍዎታል። ጎረቤትዎ ስላወረደ እርስዎም 10 በመቶ ቢያወርዱ ዋጋው 540፣ ትርፉ 90 ይሆናል። ቀድሞ ከ100 ሸማ ያገኙት የነበረውን ለማግኘት አሁን 167 መሸጥ አለብዎት። በተቃራኒው ጫፉን በደንብ ለመጠቅለል፣ ለመለያና ለማሸጊያ 40 ብር ጨምረው በ700 ብር ቢሸጡት ከአንዱ 210 ብር ይተርፋል፤ ያንኑ ገንዘብ ለማግኘት 72 ይበቃል። ቁጥሮቹን በራስዎ ይተኩና ያስሉት፤ ዋጋ ላውርድ ከማለትዎ በፊት ይህ ስሌት ይቅደም።

«ለሸማ ሥራ ከጥበቡ በቀር ምን አዲስ ነገር ይመጣል?»

ጥበቡን ለጊዜው ይተዉትና ወርዱን ይዩ። መወርወሪያው በእጅ ስለሚወረወር የሸማ ወርድ በሸማኔው ክንድ የተወሰነ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሜትር በታች ይሆናል። ሆቴል መጋረጃ ወይም የአልጋ ልብስ ሲያዝዝዎት ሁለት ሦስት ቁራጭ መጋጠም ይመጣል። ስፌቱ ይታያል፤ የጥለቱ መስመር ይዛነፋል፤ ጊዜዎ ያልቃል። የአንገት ልብስ፣ የጠረጴዛ መሐል ልብስ፣ የትራስ ልብስና ፎጣ ግን በወርዱ ልክ ከሸማኔው ቤት ተቆርጠው ይወጣሉ፤ የሚጣል ቁራጭ የለም። ለመሣሪያዎ የሚስማማ ምርት መምረጥ ወጪ የሚቀንስ ዲዛይን ነው፤ አንድ ብር ሳያወጡ የሚያገኙት።

ውፍረቱም አለ። ነጠላ ሁለት ድርብ፣ ጋቢ አራት ድርብ ነው። ጋቢ ለደጋ ብርድና ለሽማግሌ ትከሻ የታሰበ ድንቅ ዕቃ ቢሆንም ሻንጣው ለሞላ መንገደኛ ይከብዳል። በሁለት ድርብ የተሠራ የሕፃን ብርድ ልብስ በተመሳሳይ ፈትል፣ በትንሽ ክብደት፣ ለስጦታ በሚመች ዋጋ ይወጣል። አዲስ ማሽን አልተገዛም፤ አዲስ ሙያም አልተለመደም።

ቀለም ላይ ግን ቸል አይበሉ። አንድ ጊዜ ታጥቦ ቀዩ ጥለት ነጩን ሸማ ካበላሸው ያ ደንበኛ ሄዷል፤ ዘመዶቹንም ይዞ ነው የሚሄደው። ከእያንዳንዱ አዲስ የቀለም ክር ጥቂቱን ከነጭ ቁራጭ ጋር በሞቀ የሳሙና ውሃ ዘፍዝፈው ያሳድሩት። ጠዋት ነጩ ቁራጭ ቀለም ይዞ ከተገኘ ክሩን ለሻጩ ይመልሱ።

«ፈጠራ ማለት ማንም ያልሠራውን መፈልሰፍ አይደለም?»

አይደለም። ኦኢሲዲ የተባለው የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት አገሮች ፈጠራን የሚለኩበትን መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲያሻሽል በአራት ከፍሎት ነበር፤ የምርት፣ የአመራረት ሂደት፣ የአደረጃጀትና የገበያ አቀራረብ። በ2018 ደግሞ በሁለት ጠቀለለው፤ የምርት ፈጠራና የንግድ ሂደት ፈጠራ። በዚህ መለኪያ ለዓለም አዲስ መሆን ግዴታ አይደለም። ለእርስዎ ድርጅት አዲስ ከሆነ፣ ከቀድሞው በጉልህ ከተለየና ሥራ ላይ ከዋለ ፈጠራ ነው። በቴሌብር ቀብድ ተቀብሎ በትእዛዝ መሥራት መጀመር ከሁለተኛው ወገን ነው፤ ያልተሸጠ ዕቃ መደርደሪያ ላይ የሚያስረውን ገንዘብ ይቀንሳል።

ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችውን ወለቃን ማየት ይበቃል። የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎች እንስራ፣ ጀበናና ድስት ሲሠሩ ኖረው ጎብኚ መምጣት ሲጀምር ያንኑ ጭቃና ያንኑ እጅ ትንንሽ ምስሎች ለመሥራት አዋሉት። እንስራ ተሸክሞ አውሮፕላን የሚሳፈር የለም፤ መዳፍ ላይ የሚቀመጥ ምስል ግን ሻንጣ ውስጥ ይገባል። አብዛኞቹ ሠሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1991 ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላም የወለቃ ሸክላ ስሙ አልጠፋም። ችግሩ ዛሬም መሰበሩ ነው። በልኩ የተቆረጠ ካርቶንና በውስጡ ገለባ የሚያቀርብ ሸክላ ሠሪ፣ ከምስሉ ውበት ይልቅ በዚያ ሊለይ ይችላል።

«አዲስ ነገር ሳመጣ ሰው አይለምደውም። ለምን?»

ብዙውን ጊዜ ዕቃው ሰውን «ልማድህን ለውጥ» ስለሚል ነው። «ምርጥ» የተባለው እንጨት ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ እንዴት እንደተስፋፋ ይመልከቱ። ምጣዱ ያው የለመድነው ምጣድ ነው፤ የእንጀራው አጋገር አልተነካም። የተለወጠው ከሥር ያለው ነው፤ እሳቱ በሦስት ጉልቻ መሐል ሜዳ ላይ መንደዱ ቀርቶ በሲሚንቶ በተሠራ ክብ ውስጥ ተከተተ። እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። የሚሠራው በሞልድ (በቅርጽ ማውጫ) ስለሆነ በየከተማው ያለ ትንሽ ማኅበር አንድ ዓይነት መጠን ያለው ዕቃ ማውጣት ይችላል። ላቀች የከሰል ምድጃም በዚያው መንገድ ሄዶ ሩብ ያህል ከሰል ያድናል።

በብረታ ብረት ሥራ ላይ ያላችሁ ከዚህ የምትወስዱት አንድ ነገር አለ፤ ሞልዱ። በዓይን ልክ የተበየዱ አሥር ምድጃዎች አሥር ዓይነት ናቸው። አንዱ ምጣድ ይገጥማል፣ ሌላው ያጋድላል። መጠኑ አንድ ሲሆን መለዋወጫም መሸጥ ይቻላል፤ ቸርቻሪም ሳያይ ያዝዛል።

«ያወጣሁትን ጎረቤቴ በሳምንቱ ይቀዳዋል። ታዲያ ለምን እደክማለሁ?»

ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ይህ ነው፤ ቅሬታውም እውነት ነው። በአንድ መስመር አራት ሱቅ አንድ ዓይነት ሶፋ የሚደረድርበት ከተማ ውስጥ ነን።

ሕጉ አለ። የፈጠራ፣ አነስተኛ ፈጠራና ኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 የዕቃን መልክና ቅርጽ በኢንዱስትሪያዊ ንድፍነት ይጠብቃል። ጥበቃው ለ5 ዓመት ሲሆን ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ 5 ዓመት፣ ሊታደስ ይችላል። ስምና ዓርማ ደግሞ በንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 ለ7 ዓመት ይጠበቃሉ፤ በየ7 ዓመቱም ይታደሳሉ። ማመልከቻው የሚቀርበው ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፤ ንድፍ የሚመዘገበው አዲስ ሲሆን ነው። ናሙናውን ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ለጥፈው፣ ባዛር ላይ ዘርግተው፣ ከዓመታት በኋላ ላስመዝግብ ቢሉ አዲስነቱን ማስረዳት አይቻልም።

ከሁለቱ አንዱን ብቻ ማድረግ የሚችል ካለ የእኛ ምክር ስሙን ያስመዝግብ ነው። የአንድ ጥለት ዕድሜ አጭር ነው፤ ለእያንዳንዱ ጥለት አዲስ አበባ መመላለስ አያዋጣም። ስም ግን ከጥለት ጥለት ይሻገራል። ያ ስም ደግሞ ዋጋ የሚኖረው ሰው የእርስዎን ዕቃ ከተቀዳው ለይቶ የሚጠይቅበት ምክንያት ሲኖረው ነው።

ቀሪው በፍጥነትና በማይታየው ነገር ነው። የሚቀዳ ሰው የሚያየውን ይቀዳል፤ የሶፋውን ክንድ ቅርጽ፣ የጨርቁን ቀለም። እንጨቱ ስንት ወር እንደደረቀ፣ መጋጠሚያው በምስማር ይሁን በሙጫና በጥርስ፣ ስፖንጁ ስንት ዓመት እንደሚቆይ አያይም። ስለዚህ ልዩነትዎን ዓይን ከሚያየው ይልቅ ገዢው ቤቱ ወስዶ ከሚያውቀው ነገር ላይ ያድርጉት፤ በጽሑፍም ዋስትና ይስጡበት። ቀጂው ዋስትናውን ከቀዳ ኪሳራውንም ይቀዳዋል።

«የፋሲል ግንብ ሥዕል የሌለበት ማስታወሻ ጎብኚ ይገዛል?»

ይገዛል። እንዲያውም የግንቡ ሥዕል ያለበት ቲሸርትና ቁልፍ መያዣ በዝቶ እርስ በርሱ እየተበላላ ነው። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፣ ጥምቀትም በ2019 በማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ስለዚህ ሰው የሚመጣበት ምክንያት አይጠፋም። ጎብኚው ቤቱ ወስዶ የሚጠቀምበት ዕቃ ግን ጥቂት ነው። ትንሽ መሶብ ለቁልፍና ለሳንቲም፣ በአለላ የተሰፋ የብርጭቆ ማስቀመጫ፣ የቆዳ ማስታወሻ ደብተር ሽፋን፤ እነዚህ ሁሉ ቀድሞ ካለ እጅ ይወጣሉ። ለጥምቀት የሚሠራ ሰው ደግሞ ከጥር 11 ወደ ኋላ ቆጥሮ ይጀምር፤ ናሙና መስከረም ላይ፣ ክር ጥቅምት ላይ። በታኅሣሥ መጨረሻ የተጀመረ አዲስ ምርት ለበዓሉ አይደርስም።

«እኔ ሰሊጥና ማር ነው የምነግደው። ምን ዲዛይን አለው?»

ሰሊጥ ላይ የጎንደርና የሑመራ ዓይነት ነጭ ሰሊጥ በዓለም ገበያ ለዳቦና ለጣፋጭ ተፈላጊ ነው፤ የወለጋው በዘይቱ ይታወቃል። የእኛ ሰሊጥ በአብዛኛው ሳይቀነባበር በጆንያ ይሸጣል፤ መፈተጉ፣ መቆላቱና ተፈጭቶ ጣሂና የሚባለው የሰሊጥ ቅቤ መሆኑ የሚከናወነው ሌላ አገር ነው። የመፈተጊያ ፋብሪካ ይክፈቱ አንልም፤ ብዙ ካፒታል ይጠይቃል። ነገር ግን ተበጥሮ፣ ታጥቦና ተቆልቶ በሩብ ኪሎ የታሸገ ሰሊጥ በሁዳዴ ለፍትፍት የሚፈልገው የከተማ ቤት ብዙ ነው።

ማር ላይ ትልቁ እንቅፋት ጥርጣሬ ነው። ንጹሕ ማር ሲቆይ ይረጋል፤ ገዢው ግን የረጋውን ሲያይ «ስኳር ገብቶበታል» ይላል። ማሰሮው ላይ «ማር ሲቀዘቅዝ ይረጋል፤ በሞቀ ውሃ ውስጥ ቢያቆሙት ይፈታል» የሚል አንድ መስመር፣ የመጣበት ወረዳና የተቆረጠበት ወር ቢጻፍ ጥርጣሬው ይቀንሳል። ለጠጅ የሚገዛውና ለቁርስ የሚገዛው ደንበኛም አንድ አይደሉም። ጠጅ ጣይዋ በብዛትና በርካሽ ከነሰፈፉ ትወስዳለች፤ ለልጅ ቁርስ የሚገዛው የተጣራ፣ በጠባብ ማሰሮ፣ ክዳኑ የማያፈስ ይፈልጋል። ለሁለቱ አንድ ዓይነት በርሜል ማቅረብ ሁለቱንም ማስቀየም ነው።

ስም ራሱ ምርት እንደሚሆን አገራችን በቡና አይታዋለች። ኢትዮጵያ ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመልክታ፣ ከአሜሪካዊው የቡና ሻጭ ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ከተፈጠረው ውዝግብ በኋላ በ2007 ከኩባንያው ጋር ስምምነት ላይ ደርሳለች። ቡናው ያው የቀድሞው ቡና ነበር።

«መለያ ላይ ምን ልጻፍ?»

ስም፣ ይዘት፣ ክብደት፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን፣ አድራሻ። ሁለት ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል። አንደኛ፣ የጾም ነው ወይስ የፍስክ? ሽሮው ወይም ድልሁ ቅቤ ነክቶት እንደሆነ ያላወቀች እመቤት አትገዛም። ሁለተኛ፣ ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር ነው? በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ ዓመት «ዓ.ም.» ካላለ ከውጭ የመጣ ዘመድ ምርቱ ሰባት ስምንት ዓመት ያለፈው ይመስለዋል። ሁለቱንም ይጻፉ። በርበሬ በሻንጣ ለሚወስደው ደግሞ በድርብ ላስቲክ ያሽጉ፤ ልብሱን ያቀላበት ሰው ዳግም አይመለስም።

«ደንበኛ ምን እንደሚፈልግ እንዴት ላውቅ? ስጠይቃቸው ሁሉም "ጥሩ ነው" ይላሉ።»

ይሉኝታ ነው። እኛ አገር ፊት ለፊት «አልወደድኩትም» የሚል ሰው ጥቂት ነው፤ በተለይ ሠሪው ቆሞ እያየው። ስለዚህ አስተያየት መጠየቅ ትተው ድርጊት ይዩ። ሁለት ናሙና ጎን ለጎን ያስቀምጡና እጅ ወዴት እንደሚሄድ ይመልከቱ። ዋጋ ከጠየቁ በኋላ የሚያስቀምጡት የትኛውን ነው? ቀብድ የሚከፍሉበትስ? «ባለፈው የገዙት እንዴት ሆነ፣ የት አስቀመጡት፣ ማን ተጠቀመበት?» ብሎ መጠየቅም «ወደዱት?» ከማለት ይሻላል፤ የሆነውን ለመናገር ይሉኝታ አይዝም። የተመለሰና የተበላሸ ዕቃ ካለ አይጣሉ፤ መደርደሪያ ይስጡትና የተሰበረበትን ቦታ ይዩ።

«ከአገር ውስጥ በዲዛይን የተሳካለት ማን አለ?»

ጫማ አምራቹ ሶልሬብልስ ጥሩ ምሳሌ ነው። ቤተልሔም ጥላሁን እ.ኤ.አ. በ2004 አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር የጀመረችው ይህ ድርጅት በረባሶን መነሻ አደረገ። ከአሮጌ ጎማ የሚሠራውን ጫማ ሁሉም ያውቀው ነበር፤ የድሃ ጫማ ተብሎ ይታይ ነበር። ጎማው ሶል ሆኖ ቀረ፤ የላይኛው ክፍል በእጅ በተሸመነ ጨርቅና በቆዳ ተተካ፣ የእግር ቁጥሩ ተስተካከለ፣ ቅርጹ ለውጭ ገበያ እንዲስማማ ተደረገ፣ ከዚያም በኢንተርኔት ተሸጠ። የጎንደር ልጅ ይህንን ሲሰማ ጫማ ልሥራ ይላል። ቁም ነገሩ ጫማው አይደለም፤ ሰፈሩ የሚያውቀውን ነገር ግን የናቀውን ዕቃ መምረጡ ነው።

«እርዳታ የት አገኛለሁ?»

የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ለጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች በቴክኒክ ክህሎት፣ በካይዘን (ሥራን ጥቂት በጥቂት የማሻሻል የጃፓን ዘዴ)፣ በኢንተርፕረነርሺፕና በቴክኖሎጂ ድጋፍ የመስጠት ኃላፊነት አለባቸው፤ ሄደው ይጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ1954 በጤና ኮሌጅነት የተመሠረተው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዛሬ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም አለው፤ ተመራቂ ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ ርዕስ ይፈልጋሉ። «ዲዛይን ሥሩልኝ» ብለው አይሂዱ፤ «የምድጃዬ በር በስድስት ወር ይጣመማል፣ ለምን?» ብለው ይሂዱ። ጥያቄው በጠበበ ቁጥር መልሱ ይቀርባል።

«ዲዛይን የማይፈታው ምን አለ?»

ብዙ አለ። የክር ዋጋ በወር ሁለት ጊዜ ሲጨምር፣ መብራት ሲጠፋ፣ መንገድ ተዘግቶ ጎብኚ ሲቀር ዲዛይን አያድንም። እንዲያ ባለ ጊዜ ትንሽ ናሙና ሠርቶ መጠበቅ፣ ለአካባቢው ገዢ የሚሆነውን ማስቀደም፣ ብድር ወስዶ መጋዘን አለመሙላት ይሻላል።

«መሻሻሌን በምን ልለካው?»

በአራት ነገር፤ ደብተር ይበቃል። ዳግም የመጣ ደንበኛ፣ ተመላሽ የሆነ ዕቃ፣ ሳይከራከሩ የተከፈለ ዋጋ፣ በአንድ ዕቃ ላይ የፈጀው ሰዓት። አዲሱን ምርት ከአሮጌው ጋር ለሦስት ወር ጎን ለጎን ይመዝግቡ። የበዓል ወርን ከተራ ወር ጋር ግን አያወዳድሩ፤ በጥር ሁሉም ነገር ይሸጣል።